ሰኞ ሰኞ የሚታመም ኮምፒውተር

በጥገና ቤቶቻችን ውስጥ አንድ ባለ ሁለት ቃል ፍርድ አለ፤ «ፓወሩ ነው።» ኮምፒውተሩ እየሠራ ድንገት ጠፋ? ፓወሩ ነው። ማንም ሳይነካው አጥፍቶ ተነሳ? ፓወሩ ነው። ጠዋት እሺ ብሎ ከሰዓት እምቢ አለ? እሱም ፓወሩ ነው። ከዚህ በኋላ ይግባኝ የለም። አሮጌው ሳጥን ይፈታል፣ አዲሱ ይገባል፣ ሒሳብ ይከፈላል። አንድ ሰው ሦስት መቶ ገጽ ልቦለድ አንስቶ «መጨረሻው ያሳዝናል» ብሎ ቢመልሰው እንዲሁ ነው። የተናገረው ውሸት ላይሆን ይችላል። ግን አላነበበውም።

እኔ የምኖረው ኮድ በመጻፍ ነው፤ የተማርኩት ምህንድስና ነው። በሁለቱም ሥራ ውስጥ ካየሁት ነገር ሁሉ ለሥነ ጽሑፍ በጣም የሚቀርበው ብልሽት መፈለግ ይመስለኛል። ምልክት ታያለህ፣ ምስክር ትሰማለህ፣ ማን እንደሚዋሽ ትገምታለህ፣ ከዚያ ሁሉንም ምልክት አንድ ላይ የሚይዝ ታሪክ ትሠራለህ። የፓወር ሰፕላይ ብልሽት ደግሞ፣ በተለይ አንዴ መጥቶ አንዴ የሚሄደው ዓይነት፣ ከሁሉም አስቸጋሪው ጽሑፍ ነው። ስለዚህ ነገር በደንብ የጻፉ ሦስት መጻሕፍት አሉ። ሦስቱንም እወዳቸዋለሁ። ሦስቱም ግን ካኮ ሲደርሱ ይንገዳገዳሉ። እንዴት እንደሚንገዳገዱ ማየት ስለ እነሱም ስለ እኛም ብዙ ይናገራል።

ሳጥኑ እንዴት ይዋሻል

መጀመሪያ ስለ ሳጥኑ። ፓወር ሰፕላይ ከግድግዳው 220 ቮልት ተቀብሎ ወደ 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት ይቀይራል። ኢንቴል በ1995 እ.ኤ.አ. ባወጣው ኤቲኤክስ በሚባለው ደንብ መሠረት፣ ባለ 12 ቮልቱ መስመር ከ11.4 በታች መውረድ ከ12.6 በላይም መውጣት የለበትም። ከሽቦዎቹ መካከል አንድ ግራጫ ሽቦ አለ። ሥራው ለማዘር ቦርዱ «ኃይሉ ደህና ነው» ብሎ መንገር ነው። ያ መልእክት ሲቋረጥ ማዘር ቦርዱ ሁሉን ነገር ጥሎ እንደገና ይነሳል። ጭስ የለም፣ ሽታ የለም፣ ሰማያዊ ስክሪን የለም።

ተጠቃሚው የሚያየው ታዲያ ምንድን ነው? ዊንዶውስ የተበላሸ፣ ቫይረስ የገባ፣ ራም የላላ ይመስለዋል። ብልሽቱ የሌላ ሰው ልብስ ለብሶ ይመጣል። መዝገቡን ስትከፍት ደግሞ «ከርነል ፓወር 41» የሚል መስመር ታገኛለህ። ስሙ ውስጥ «ፓወር» የሚለውን ያየ ሰው ይደሰታል፤ መልሱ የተገኘ ይመስለዋል። 41 ግን የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ባለፈው ጊዜ በሥርዓት ሳልዘጋ ነው የጠፋሁት።» ሽቦው ተነቅሎ ይሁን፣ ማሽኑ ደርቆ ሰው ቁልፉን ተጭኖ አጥፍቶት ይሁን፣ ፓወር ሰፕላዩ ደክሞ ይሁን አያውቅም። ራሱን ስቶ የወደቀ ሰው ሲነቃ «ወድቄ ነበር» እንደሚለው ነው። ማን እንደገፈተረው እሱን ብትጠይቀው ምን ያውቃል?

መለኪያውም ቢሆን ያታልላል። መልቲሜትር አንድ ቁጥር ለማሳየት ጥቂት ጊዜ ወስዶ ያማክላል። ኃይሉ ለሺኛ ሰከንዶች ወድቆ ቢመለስ ስክሪኑ ላይ 12.1 ብሎ ተረጋግቶ ይቆያል። አረንጓዴውን ሽቦ ከጥቁሩ ጋር በወረቀት መያዣ አገናኝቶ ማስነሳት የሚባለው ዝነኛ ፈተናም እንደዚያው ነው። ፋኑ ዞረ ማለት ሳጥኑ ባዶ እጁን መቆም ይችላል ማለት ነው፤ ጆንያ ተሸክሞ ይሄዳል ማለት አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ሳጥኑን ከፍቶ መነካካት የሁሉም ሰው ሥራ አይደለም። በውስጡ ያለው ትልቁ ካፓሲተር 220 ቮልት ሲገባው እስከ 311 ቮልት ድረስ ይሞላል፤ ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ያን ጉልበት ይዞ ሊቆይ ይችላል። ለንባብ ብሎ መሞት የለም።

ሦስት መጻሕፍት

ጁሊያን ኦር አንትሮፖሎጂስት ነው። ዜሮክስ የምርምር ማዕከል ውስጥ ሆኖ የፎቶ ኮፒ ማሽን ጠጋኞችን ሲከታተል ቆይቶ በ1996 እ.ኤ.አ. «ቶኪንግ አባውት ማሺንስ» የተሰኘ መጽሐፍ አሳተመ። ግኝቱ በአጭሩ ይህ ነው፦ ጠጋኞቹ የሚጠግኑት በማኑዋል ሳይሆን በወሬ ነው። ቁርስ ላይ፣ ቡና ላይ ተቀምጠው «አንድ ቀን አንድ ማሽን ገጥሞኝ» እየተባባሉ ያወራሉ። ኩባንያው ይህን ሥራ መፍታት ብሎ ቢያየው አይፈረድበትም፤ ኦር ግን ዋናው ሥራ እሱ መሆኑን አሳየ። በመጽሐፉ ውስጥ የሚታወቅ አንድ ገጠመኝ አለ። ማሽኑ የሚያወጣው የስህተት ቁጥር ወደ ተሳሳተ ቦታ ይመራል፤ ጠጋኙና ባለሙያው ማሽኑ አጠገብ ቆመው ያለፉ ገጠመኞቻቸውን እየተረኩ፣ አንዱን ታሪክ ከሌላው እያጋጩ፣ በመጨረሻ ቁጥሩ የደበቀውን እውነተኛ ብልሽት ያገኙታል። የእኛ 41 እና የእነሱ የስህተት ቁጥር ወንድማማቾች ናቸው።

ሁለተኛው ዴቪድ አጋንስ ነው፤ በ2002 እ.ኤ.አ. በወጣው «ዲበጊንግ» በተባለው መጽሐፉ ዘጠኝ ሕጎችን ይደረድራል። ሥርዓቱን እወቅ፤ ብልሽቱ እንዲደገም አድርግ፤ ማሰብህን አቁመህ ተመልከት፤ ከፋፍለህ ያዝ፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይር፤ የሠራኸውን መዝግብ፤ ሶኬቱን እይ፤ ሌላ ሰው ጠይቅ፤ አንተ ካላስተካከልከው አልተስተካከለም። ኮድ ለሚጽፍ ሰው እነዚህ ዘጠኝ መስመሮች ከብዙ ኮርስ ይበልጣሉ።

ሦስተኛው ሮበርት ፒርሲግ በ1974 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የሞተር ሳይክል ጥገናና የዜን መጽሐፍ ነው። ብዙ ሰው ፍልስፍናውን ይጠቅሳል፤ እኔ የምወደው ግን የጠጋኝን ወኔ ስለሚሰልቡ ነገሮች የሚያወራበትን ክፍል ነው። ከነዚያ አንዱ መጥቶ የሚሄድ ብልሽት ነው። ልትጠግነው ስትነሳ ይድናል፤ መሣሪያህን ስትሰበስብ ይመለሳል። ፒርሲግ የሚመክረው ትዕግሥት ነው። ማሽኑን አምስት ጊዜ ጋራዥ ከማመላለስ ይልቅ ከብልሽቱ ጋር አብረህ እየተጓዝክ መቼ መቼ እንደሚመጣ ልብ በል ይላል።

ጥሩ ነው። አሁን ሦስቱንም ይዘን ወደ ካኮ እንውረድ።

ካኮ፣ ሰኞ

ካኮ በደቡብ ኦሞ፣ በና ፀማይ ወረዳ፣ ከጂንካ ወደ ቀይ አፈር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ገበያዋ ሰኞ ነው። በናው ከብቱን፣ አሪው የእርሻ ምርቱን ይዞ የሚገናኝበት ቀን ነው።

እንበል፣ በዚህች ከተማ አንዲት ሴት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አላት። አንድ ዴስክቶፕ፣ አንድ ሌዘር ፕሪንተር፣ አንድ ኤክስቴንሽን። ከማክሰኞ እስከ እሑድ ኮምፒውተሩ ሰላም ነው። ሰኞ ላይ፣ ረፋዱን፣ ይጠፋና ይነሳል። አንዳንዴ ሁለቴ፣ አንዳንዴ አምስቴ። ከገጠር ሦስት ሰዓት በእግሩ መጥቶ የመሬት ማመልከቻ የሚያስጽፍ ሰው ፊቷ ተቀምጧል፤ ግማሽ ገጽ ላይ ሲደርስ ስክሪኑ ይጨልማል። የጻፈችው ሄደ። ሰውየው ፊደል ላይቆጥር ይችላል፤ ሲጠፋ ግን አይቷል። ሁለተኛ ሲጠፋ ቃሉን ያሳጥራል። ሦስተኛ ሲጠፋ «በቃ እህቴ፣ ሌላ ቀን» ይላል። ሌላ ቀን ማለት የሚቀጥለው ሰኞ ነው።

ማክሰኞ ዕለት ሳጥኑን በመኪና አስጭና ጂንካ ትወስደዋለች። ጠጋኙ ይሰካዋል፣ ይከፍተዋል፣ ፊልም አጫውቶ ሁለት ሰዓት ያቆየዋል። «እህቴ፣ ማሽንሽ ጤነኛ ነው» ይላታል። እሷም «ሰኞ ካኮ ና፣ ታየዋለህ» ትለዋለች። ይስቃል። ኮምፒውተር ቀን ለይቶ አይታመምማ!

ይታመማል እንጂ። እስቲ እናንብበው።

ሰኞ ከሌላው ቀን በምን ይለያል? ሰው ይበዛል፣ እህል ይመጣል፣ ወፍጮ ይሠራል። የወፍጮ ሞተር ሲነሳ ለአፍታ ከመደበኛው አምስትና ስድስት እጥፍ ጅረት ይስባል። መስመሩ ረጅም ከሆነና ወፍጮውም ጽሕፈት ቤቱም ከአንድ ትራንስፎርመር የሚጠጡ ከሆነ፣ በዚያች አፍታ የሁሉም ቮልቴጅ ይወርዳል። ጤነኛ ፓወር ሰፕላይ ይህን ይችላል፤ ትልቁ ካፓሲተር ለክፉ ቀን ያስቀመጠው ጉልበት አለው። ደንቡ የሚጠይቀው የግድግዳው ኃይል ሙሉ በሙሉ ቢቋረጥ እንኳ 16 ሚሊ ሰከንድ ያህል እንዲያቆይ ነው። የእኛ መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ አንዱ ዙር 20 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። ስለዚህ አዲሱ ሳጥንም ቢሆን ስንቁ አንድ ዙር እንኳ አይሞላም።

አሁን ስንቁን እንቁጠር። በአንድ ካፓሲተር ውስጥ ያለ ጉልበት ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ነው የሚሄደው። ገበያው ደርቶ መስመሩ ከ220 ወደ 170 ቮልት ቢወርድ ቁጥሩ የቀነሰው ሩብ ገደማ ነው፤ ጉልበቱ ግን 40 በመቶ ያህል ጎድሏል። በዚያ ላይ ካፓሲተሩ ራሱ አርጅቷል። በሙቀት የሚሠራ ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር ውስጡ ይደርቃል፤ ባለሙያዎች እንደ ግምት የሚይዙት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ እንደሚያጥር ነው። በአቧራ የታፈነ ፋን ያለው ሳጥን ውስጥ ደግሞ ሙቀቱን አስቡት። ያረጀ ካፓሲተር፣ የወረደ መስመር፣ የሚነሳ ሞተር፤ ሦስቱ ሲገጥሙ ግራጫው ሽቦ ዝም ይላል፣ ማመልከቻውም ይጠፋል። ከሦስቱ አንዱ ሲቀር፣ ማለትም ማክሰኞ ጂንካ ላይ፣ ሁሉ ሰላም ነው። ጠጋኙ አልዋሸም፤ ሴትዮዋም አልዋሸችም።

ግን ወደ ፍርድ አንቸኩል፤ ሌሎች ተጠርጣሪዎች አሉ። ፕሪንተሩ አንዱ ነው። የሌዘር ፕሪንተር ማሞቂያ በሠራ ቁጥር በርካታ መቶ ዋት ይስባል። ከኮምፒውተሩ ጋር አንድ ኤክስቴንሽን ላይ ከተሰካና ኤክስቴንሽኑ የላላ ከሆነ፣ ወፍጮ የሚባል ነገር ሳይኖርም ያው ውጤት ይመጣል። ሰኞ ደግሞ ብዙ የሚታተምበት ቀን ነው! ሁለተኛው ሙቀት ነው፤ ሰኞ ማሽኑ ሳያርፍ ይውላል። ሦስተኛው ተጠርጣሪ ለማዳን የተገዛው ስታብላይዘር ነው። በሪሌ የሚሠራው ዓይነት ቮልቴጁ በተለዋወጠ ቁጥር «ቀጭ» ብሎ መስመር ይቀይራል፤ በዚያች ቅጽበት ኃይሉ ለጥቂት ሚሊ ሰከንድ ይቋረጣል። ስንቁ ያለቀበት ሳጥን ይህችንም አይችላት ይሆናል። ሐኪሙ ራሱ በሽታ ሆነ ማለት ነው።

እነዚህን ለመለየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ደብተር ነው። ኮምፒውተሩ በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ይጻፍ፤ ፕሪንተሩ እየሠራ ነበር? ወፍጮው ተነስቶ ነበር? ስታብላይዘሩ ቀጭ ብሎ ነበር? በሚቀጥለው ሰኞ ፕሪንተሩ ብቻ ወደ ሌላ ሶኬት ይዛወር፤ ሌላ ምንም አይነካ። ከዚያ በሚቀጥለው የስታብላይዘሩ ተራ ነው። ምስክር ደግሞ ጣሪያው ላይ አለ። ባለ ክሩ አሮጌ አምፖል ቮልቴጅ ሲወርድ ይደበዝዛል። አዲሱ ኤልኢዲ ግን ብዙውን ጊዜ ውስጡ ባለው መቆጣጠሪያ ብርሃኑን ይጠብቃል፤ ስለዚህ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኖ ያበራል። ኤልኢዲ ያላት ጽሕፈት ቤት ምስክር የላትም።

ኮድ ጸሐፊም እዚህ ጋ ትንሽ ድርሻ አለው። በየሰከንዱ ሰዓቱን ፋይል ላይ የሚጽፍ አሥር መስመር የማይሞላ ፕሮግራም በቂ ነው፤ እያንዳንዱን መስመር ወዲያው ዲስኩ ላይ ማሳረፉን ብቻ ማረጋገጥ ነው። ማሽኑ ሲነሳ የመጨረሻው መስመር የጠፋበትን ሰከንድ ይነግርሃል። ያንን ይዘህ ወደ ወፍጮ ቤቱ ትሄዳለህ። «ጋሼ፣ ዛሬ መቼ መቼ ነው ያስነሡት?» እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቅ፤ ፋይሉ 10:42 ይላል፣ ጋሼ ደግሞ «አራት ተኩል አለፍ ሲል» ይሉሃል። ሁለቱ አንድ ሰዓት መሆናቸውን የማያውቅ መሣሪያ፣ ምስክሮቹ ተጋጩ ብሎ ፋይሉን ይዘጋል። የማዘር ቦርዱ ትንሿ ባትሪ ሞታ ሰዓቱ የተዛባ ከሆነ ደግሞ ከሁለቱም የማይገጥም ሦስተኛ ሰዓት ታገኛለህ።

መጻሕፍቱ የት ላይ ተንገዳገዱ?

አሁን ወደ ሂሱ። አጋንስ «ሶኬቱን እይ» የሚለውን ሰባተኛ ላይ አስቀምጦታል። ሥራው ግምትህን መጠራጠር ነው፤ ብዙ ከደከምክ በኋላ «ለመሆኑ ተሰክቷል ወይ?» እንደ ማለት። ይህ ሶኬቱ ውስጥ ያለው ነገር ሁልጊዜ አንድ ዓይነት በሆነበት አገር ያምራል። ካኮ ላይ ሶኬቱ ከታሪኩ ዋና ገጸ ባሕርያት አንዱ ነው። ጠዋት አንድ፣ ረፋድ ላይ ሌላ፣ ማታ ሌላ ነው። መሬት ያልገባለት ሶኬት ላይ የተሰካ ኮምፒውተር ኬዙን ስትነካው ይነዝርሃል፤ ሳጥኑ ውስጥ ያሉት ማጣሪያ ካፓሲተሮች መሬት የሚወስዱት መንገድ ሲያጡ በኬዙ ላይ የ220ውን ግማሽ ያህል ያሳድሩበታል። ስንቶቻችን ነን ይህን «የኮምፒውተር ጠባይ» ብለን ለምደነው የኖርን? የአጋንስ መጽሐፍ እዚህ ቢጻፍ ሰባተኛው ሕግ አንደኛ ይሆን ነበር።

ፒርሲግ ደግሞ ጊዜ አለው። ከብልሽቱ ጋር አብሮ ይጋልባል፤ መንገዱ የእሱ ነው፣ ሞተሩም የእሱ ነው፣ ቢዘገይ የሚከስረው ራሱ ነው። የካኮዋ ሴት እየጠበቀች ስትመለከት ግን የሚከስረው ፊት ለፊቷ የተቀመጠው ገበሬ ነው። ትዕግሥት ዋጋ አለው፤ ዋጋውን ማን ይክፈለው የሚለውን ፒርሲግ አይጠይቅም።

ኦር ከሦስቱ የበለጠ ይቀርበናል። ብልሽት የሚገኘው በወሬ ነው ማለቱ ቡና ላይ ተሰብስቦ ለሚያወጋ ሕዝብ እንግዳ አይደለም። ግን የእሱ ጠጋኞች እርስ በርስ ነው የሚያወሩት። ደንበኛዋ በታሪኩ ውስጥ ቦታ አላት፤ ኦር ራሱ ጠጋኞቹ ደንበኞችን እንዴት እንደሚጠይቁ ይጽፋል፤ ዋናው ተራኪ ግን ጠጋኙ ነው። ካኮ ላይ ከሁሉ የሚበልጠውን መረጃ የያዘችው ሴትዮዋ ናት። «ሰኞ ሰኞ» የሚሉት ሁለት ቃላት ከ41ም ከመልቲሜትሩም ይልቃሉ። ጠጋኙ ሲስቅባቸው የጣለው ዋናውን ማስረጃ ነው።

እዚህ ላይ «ፓወሩ ነው» የሚለው ፍርድ ለምን እንደሚያበሳጨኝ ግልጽ ይሆናል። ጠጋኙ ሳጥኑን ቢቀይረው ይድናል፤ አዲስ ካፓሲተር፣ ሙሉ ስንቅ። ሴትዮዋ ትመርቀዋለች። መልሱ ትክክል ነው። ግን ያው መስመር፣ ያው ወፍጮ፣ ያው አቧራ፣ ያው ኤክስቴንሽን እዚያው አሉ። አዲሱም ሳጥን በጊዜው ይደርቃል፤ ያን ጊዜም «ፓወሩ ነው» ይባላል። ትክክል የሆነ መልስ ንባብ የማይሆነው እንዲህ ነው። አንድን ነገር በትክክል ጠርቶ ምክንያቱን ሳይነካ ማለፍ ይቻላል። በሥነ ጽሑፍ ሂሳችንም ይህ በሽታ አለ፤ «ደራሲው ስለ ድህነት ነው የጻፈው» እንላለን፣ ትክክልም ነው፣ ከዚያ መጽሐፉን እንዘጋለን።

ይህ የእኛ ድክመት ብቻ እንዳይመስል አንድ ምሳሌ ልጨምር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በዓለም ዙሪያ የተበላሸ ፈሳሽ የያዙ ካፓሲተሮች በገፍ ተሠራጭተው ነበር። ዴል በ2003 እና 2005 መካከል ከሸጣቸው ኦፕቲፕሌክስ ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ ማዘር ቦርዳቸው ላይ ያሉት ካፓሲተሮች እያበጡና እየፈነዱ ስለተቸገረ በ2005 ለዚሁ 300 ሚሊዮን ዶላር መደበ። ያ ብልሽት አናቱ ላይ እብጠት ስለነበረው በዓይን ይነበባል። ውስጡ ደርቆ አናቱ ያላበጠው ግን እንደዚያ አይታይም። የሚታየውን ስንለምድ የማይታየውን ማንበብ እንረሳለን።

ኦሞ፣ ያለ ሶኬት

ለዚህ ጽሑፍ ካኮን የመረጥኩት በአጋጣሚ አይደለም። ደቡብ ኦሞ በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ሰፊ ቦታ የያዘው በፍቅረማርቆስ ደስታ ብዕር ነው። «ከቡስካ በስተጀርባ» ለብዙ አንባቢ የሀመርን ምድር የመጀመሪያው መስኮት ነበር፤ ውለታው ትልቅ ነው። በፎቶ ደግሞ እንደ ሀንስ ሲልቨስተር ያሉ የውጭ ሰዎች ሰውነታቸውን በቀለምና በአበባ ያስጌጡ ወጣቶችን አንስተው ውብ መጻሕፍት አሳትመዋል። ከዚያ በኋላ ግን የመጣው ሁሉ ያንኑ መስኮት ይዞ ነው የሚመጣው፤ ከብት ዝላይ፣ ኢቫንጋዲ፣ ቀለም። ፎቶ አንሺው የኤሌክትሪክ ምሰሶ ከፍሬሙ ውስጥ ሲገባበት ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ይሄዳል።

ያ ሁለት እርምጃ ነው የእኔ ጥያቄ። ምሰሶውን ከፎቶው ስታወጣው፣ ሰኞ የሚጠፋውን ኮምፒውተርም፣ ማመልከቻውን ይዞ የተመለሰውን ሰውም አብረህ አወጣሃቸው። በዚያው በኦሞ ወንዝ ላይ፣ ወደ ላይ ራቅ ብሎ፣ በ2016 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የተመረቀው 1870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ጊቤ ሦስት ግድብ አለ። ወንዙ በሁለት መልክ ይነበባል፤ በዜናው ሜጋ ዋት ነው፣ በፎቶ መጽሐፉ ደግሞ ቀለም የተቀባ ወጣት። በሁለቱ መካከል ያለው ነገር፣ መስመሩ መጨረሻ ላይ በአንድ ሶኬት ውስጥ ስንት ቮልት ይደርሳል የሚለው፣ ጸሐፊ የለውም።

«ታዲያ ልቦለድ ስለ ቮልቴጅ ይጻፍ?» የሚል አይጠፋም። አዎ፣ ለምን አይጻፍም? ሰው የሚኖረው በባህሉ ውስጥ ብቻ አይደለም፤ በሶኬቱ፣ በወፍጮው፣ በመብራት ቆጣሪው ውስጥም ይኖራል። ያን የማይጽፍ ሥነ ጽሑፍ ካኮን ሁልጊዜ እንግዳ ያደርጋታል። እንግዳ የሆነ ቦታ ላይ ደግሞ ብልሽት ምክንያት አይፈለግለትም። «እዚያ እኮ እንዲሁ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ይህም ሌላ «ፓወሩ ነው» ነው።

ደብተሩ

ጥሩ የጥገና ጽሑፍ በአማርኛ የለም ማለቴ አይደለም። ጠጋኞች በቴሌግራም ግሩፖች ውስጥ በየቀኑ ይጽፋሉ። ፎቶ ይለጥፋሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ይመልሳሉ። የጎደላቸው አንድ ነገር ነው፤ መሐሉ። ጥያቄው አለ፤ «ይህ ማሽን ይጠፋል፣ ምንድን ነው?» መልሱ አለ፤ «ፓወር ቀይርለት።» በመካከል መኖር ያለበት፣ መቼ ጠፋ፣ ምን ይሠራ ነበር፣ ምን ነካህ፣ ምን ሳትነካ ተወህ የሚለው የለም። ያለ መሐል ታሪክ የለም፤ ያለ ታሪክ ደግሞ የሚቀጥለው ጠጋኝ የሚማርበት ነገር የለም። ኦር ያየው ይኼንን ነበር፤ ጠጋኞቹን ያስተማራቸው መልሱ ሳይሆን ወደ መልሱ የተሄደበት መንገድ ነው።

ስለዚህ ሐሳቤ ትንሽ ነው። «ፓወሩ ነው» ያለ ሰው ሦስት መስመር ይጨምር፦ መቼ፣ ከምን ጋር፣ እንዴት አወቅህ። ደንበኛዋ ያለችው ቃል በቃል ይጻፍ፤ «ሰኞ ሰኞ ነው የሚጠፋው» ካለች እንዲሁ ይጻፍ፣ ወደ «አልፎ አልፎ ይጠፋል» አይተርጎም። «አልፎ አልፎ» የሚለው ቃል ብልሽት ፈላጊን እንደሚገድል መርዝ ነው፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ወፍጮውን፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ይሰርዛል። ጂንካ ያለው ጠጋኝ ካኮ መሄድ ባይችል፣ ስልክ አለ። ሰኞ አራት ሰዓት ላይ ይደውል፤ «አሁን አምፖሉ ምን እያለ ነው?» ብሎ ይጠይቃት።

አጋንስ ዘጠነኛው ላይ ያስቀመጠው ሕግ እዚህ ተስተካክሎ መጻፍ አለበት። ካኮ ላይ አንድ ኮምፒውተር ዳነ የሚባለው ጥገና ቤት ውስጥ ሲበራ አይደለም። ወፍጮው እየተነሳ፣ ፕሪንተሩ እየሞቀ፣ አንድ ሙሉ ማመልከቻ ከ«ጉዳዩ» እስከ ፊርማው ሳይቋረጥ ሲጻፍ ነው። ያም በአንድ ሰኞ አይታወቅም። ቢያንስ ሁለት ይጠበቅ።